የሰጋቱራው ክምር

ሙላት፣

ቄሱን ሸኝተህ ስትመለስ አታገኘኝም።

ሰጋቱራውን አትንካ ያልሁህ ስንት ጊዜ ነው? የማኅበሩ ሰዎች ጠላ ላይ ብናኝ እንዳይገባ ብለህ ክምሩን ጠራርገህ ጓሮ ደፋኸው። ከሥሩ የደበቅኋቸውን የጠመንጃ ሰደፎች ደግሞ ግድግዳ አስደግፈህ ተውሃቸው! አሥራ ሁለት ሰው አያቸው። ከእነሱ የአንዱ ልጅ ባንዳ መሆኑን አገር ያውቃል።

አሁን እንኳ የምልህን ስማ። ሰጋቱራውን መልሰህ እቦታው ከምር። ዝናብ የነካውን ከታች፣ ደረቁን ከላይ አድርግ፤ አለዚያ ዛሬ እንደተከመረ ያውቁብሃል። የጀመርኋቸውን የአልጋ እግሮች ከሥሩ ቅበር። ጣሊያኖቹ መጥተው ሲቆፍሩ እነሱን ያግኙ። ሰዎቹ ያዩት ይኸንኑ ነው በል፤ ሌላ ቃል እንዳትጨምር።

«ምን እንዳለበት መቼ ነገርኸኝ?» ትል ይሆናል። አልነገርሁህም። አፍህን ፈርቼ ነበር፤ ለካ መፍራት የነበረብኝ መጥረጊያህን ኖሯል።

ሦስቱን ሰደፍ ይዤ ዱር ቤቴ ብያለሁ። አራተኛው ጎተራው ውስጥ፣ ጤፉ ሥር አለ። እሱን የጠረብሁት በአንተ ክንድ ልክ ነው።

ክምሩን ስትጨርስ ይዘኸው ና።

አስማማው