የሌለውን ገጽ ያነበበች ልጅ

ለማልረሳሽ ለአስካለ፤

ሙት ዓመትሽን ካወጣን አራት ወር ሆነ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጣሪያው ከመኝታችን በላይ ስለሚያፈስ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዛውሬዋለሁ፤ ነጠላሽን ግን ከተሰቀለበት አላነሳሁትም። ጉልበቴ ደክሟል፤ ከመሳለሚያ ስመለስ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ።

ልጆቹን ታስጠኚበት የነበረውን የእድር አዳራሽ ቁልፍ የእድሩ ሰዎች በሠልስትሽ ማግስት አምጥተው ሰጡኝ። ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጡትን ልጆች ማን ይያዛቸው ሲሉኝ እንቢ ማለት አሳፈረኝ። በሕይወት ሳለሽ አንድ ቀን እንኳ አላገዝኩሽም፤ ጨዋታና ጭብጨባ ያለበት ትምህርት፣ ትምህርት አይደለም እያልኩ እነቅፍሽ ነበር። እንደተረከብኩ ያን ሁሉ አስቀረሁ። ልጆቹ ተሰልፈው ይገባሉ፤ በአንድ ድምፅ ጮክ ብለው ያነብባሉ። አዳራሹ ሲያስተጋባ ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ግን ድሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ሳስተምር አይተሽ «አንተ ሲጮኹ ነው የምትወደው፤ ማን እንደገባው አትጠይቅም» ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ ተቆጥቼሻለሁ።

ከሁሉ ጎበዝ የምላት ነዒማ ነበረች። እናቷን ዘይነባን ታውቂያታለሽ፤ በአንዋር መስጊድ በኩል በርበሬና ኮረሪማ ትሸጣለች። ወላጆች በተሰበሰቡበት ቀን ልጅቷን በየቀኑ የምናነበውን መጽሐፍ አስይዤ አቆምኳት። ሳትደናቀፍ እንደ ውኃ አወረደችው። እናቷ አለቀሰች። እኔም «ይህች ልጅ ንባብ ጨርሳለች» ብዬ በሁሉ ፊት መሰከርኩ። ዘይነባ ቃሌን አምና፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ልጇን ከአዳራሹ አስቀርታ ሱቅ ልታስቀምጣት ወሰነች።

በማግስቱ ያን ነዒማ የያዘችውን መጽሐፍ ስጠግን ከመካከሉ አንድ ገጽ እንደጎደለ አየሁ። «ጋሼ፣ እሱማ ድሮ ነው የተቀደደው» አለችኝ አንዷ ልጅ። ነዒማ ግን ያን ገጽ በወላጆች ፊት አንብባዋለች። ጠርቼ ከሌላ መጽሐፍ አንድ መስመር ሰጠኋት፤ ዝም አለች። ሌላ ሰጠኋት፤ እንባዋ መጣ። ለካ ጓደኞቿ ከየመጽሐፋቸው ሲጮኹ እየሰማች ሙሉውን በቃሏ ይዛው ኖሯል።

አስካለ፣ ከማንም በፊት ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በልጅነቴ የኔታ ሀሁን በቃሉ የሚያወርድ ልጅ አያምኑም ነበር፤ ፊደሉን አፈራርቀው በአቡጊዳ ይፈትኑናል። ያደግኩበትን ፈተና ራሴ ዘነጋሁት። ድምፁ ጣፍጦኝ ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ልጅቷ ግን ማንበብ ሳትችል ሱቅ ትቀራለች። ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። ዘይነባ «ጋሼ፣ እንኳን መጡ!» ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ። አልተቀመጥኩም። ጎረቤቶቿ እየሰሙ «የመሰከርኩት ሐሰት ነው። ልጅሽ ገና ማንበብ አትችልም፤ ጥፋቱም የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው» አልኳት። ከወዲያኛው ሱቅ አንዱ «ዛሬ ደግሞ መምህሩ ወደቁ!» ብሎ ሳቀ። ዘይነባ አልሳቀችም።

«ታዲያ ያን ቀን ምን ሰምቼ ነው ያለቀስኩት?» አለችኝ።

በርበሬውን በላስቲክ ሸፈነችና «ይውሰዷት። ግን ለእኔ ቁጭ ብላ እስክታነብልኝ ድረስ ጨረሰች አይበሉኝ» አለች።

ነዒማ ለብዙ ቀን ፊቷን አዞረችብኝ። አልፈረድኩባትም። አሁን ለብቻዋ ከጎኔ አስቀምጣታለሁ። ትናንት «ዝናቡ አባራ፤ ወፎቹ ወጡ» የምትለውን መስመር በጣቷ እየነካች፣ እየቆመች፣ ወደኋላ እየተመለሰች አነበበች። ሌሎቹ ልጆች ቦርሳቸውን ይዘው እስኪወጡ ድረስ አልጨረሰችም። ወገቤን ቆርጦኝ ነበር፤ ቢሆንም አላጣደፍኳትም።

ደክሞኛል፣ አስካለ። ነገም እሄዳለሁ። ጧት ጧት ስጸልይ ከስምሽ ቀጥዬ የእሷን ስም ማንሳት ጀምሬአለሁ፤ ሃይማኖቷ ሌላ መሆኑ እንደማያስደንቅሽ አውቃለሁ። እስትንፋሴ እስካለ ድረስ ሁለታችሁን ሳላነሳ የማልፈው ማለዳ አይኖርም።