ከቡታጋዝ ናስ የሠራሁት ኪቦርድ

ሰኞ፣ ጥር 18
ዛሬም መብራት የለም። መበየጃውን ከሰል ላይ አግዬ የናሷን ቀለበት በየድኩ። አውራ ጣቴ ተለበለበ። ይለብለበው!

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ግን ልድገምልህ። የማስተምርበት ኮሌጅ ከጣለው ታይፕራይተር ፊደሎቹን ነቀልኩ። ከሞተ ኮምፒውተር ኪቦርዱን። ከጎረቤት አሮጌ ቡታጋዝ ናሱን። ሦስቱን አንድ ላደርጋቸው ነው። ስልኬ ላይ ያየሁት ነገር ነው፣ ስቲምፓንክ ይሉታል። በእንፋሎት ባቡር ዘመን የተሠራ ኮምፒውተር የሚመስል።

የት/ክፍል ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ወርክሾፕ ገባ። በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።
«መምህርት፣ ገበያው ኪቦርድ ሞልቶት የለ? ይሄ ምን ይሠራልሻል?»
ተማሪዎቹ ሳቁ። ከነገ ጀምሮ የግል መጫወቻ ወርክሾፕ ውስጥ ክልክል ነው አለ። መጫወቻ!

ሐሙስ፣ ጥር 21
ሁሉንም በማዳበሪያ ከረጢት ቤቴ አመጣሁት። ግቢው ይበቃኛል።

ለኪቦርዱ ዙሪያ የቆረጥኩት ቀርከሃ ተሰነጠቀ። ሐዋ፣ የግቢ ጎረቤቴ፣ ከገበያ ስትመለስ አየችኝ። የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት፤ አፍ መፍቻዋ ስላልሆነ አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚለው።
«ይሄ እርጥብ ነው። ወንድሜ ቤት ደረቅ አለ፣ አመጣልሃለሁ።»
ምን ይሠራልሻል ብላ አልጠየቀችም። ልስማት ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 26
አልሠራም። ስልኬ ላይ ሰካሁት፣ ዝም። ነቅዬ እንደገና፤ አሁን «ሰ»ን ስነካ «ረ» ይወጣል። አለቀስኩ። ልወረውረው አነሳሁት። ከባድ ነው፣ ያምራል፣ እንዴት ይወረወራል?

ማታ። ሽቦ ተነካክቶ ነው! ለየሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሐዋን ጠራኋት። በአንድ ጣቷ ስሟን ጻፈች። ናሱን በሎሚና በአመድ ፈትጌው ነበር፤ ፊቷ ይታይበታል። «ወላሂ፣ ይሄ ቆንጆ ነው» አለች። በቃ። ለዚህ ነው የሠራሁት።

እሑድ፣ የካቲት 1
ጉድ ስማ። አቶ ደረጀ ቤቴ መጣ! «እህቴ» እያለ። ረቡዕ ኮሌጁ ዐውደ ርዕይ አለው፣ ከክልል ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ፣ ኪቦርዱ ይቅረብ አለ። ማን ነገረው? ፎቶውን ያሳየኋቸው ተማሪዎች መሆን አለባቸው። መግለጫውን አሳትሞ ይዟል። በእሱ መሪነት በት/ክፍሉ የተሠራ፣ ይላል። የእኔ ስም የለም።
«ስሜ ከሌለ ኪቦርዱም የለም» አልኩት።
ሳቀ። «የዝውውር ማመልከቻሽ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለ አትርሺ።»

አስብ እንግዲህ። ፓዌ አባዬ ብቻውን ነው፤ ወገቡ ከያዘው ወዲህ ውኃ እንኳ ጎረቤት ነው የሚቀዳለት። ወደዚያ ዝውውር የጠየቅሁት ለእሱ ነው።

ለአባዬ ደወልኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። «እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ ስምሽን አትስጪ» አለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4
አቅፌው ሄድኩ። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት፣ በእጄ የጻፍኩትን ስሜን ከፊቱ። አቶ ደረጀ ወረቀቷን አንስቶ ኪሱ ከተታት። ሌላ ጻፍኩ። ያቺንም አነሳ። ሦስተኛውን ስጽፍ አንዲት እንግዳ ቆማ ታየናለች።
«የማን ሥራ ነው?»
«የእኔ» አልኩ። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ጮኸ። አዳራሹ ዞረ። ይዙር!
ምን ይጠቅማል ብላ ጠየቀች፤ እሷም።
«ይጽፋል። ደግሞ ያምራል።»
ቁጭ ብላ ጻፈችበት። አቶ ደረጀ ወጣ።

አሁን ቤት ነኝ። የዝውውር ማመልከቻውን እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው፣ በዚሁ ኪቦርድ፣ በቀጥታ ለዲኑ። ነገ ጧት ራሴ እሰጣለሁ። አቶ ደረጀ ከፈለገ ይፈርም፣ ካልፈለገ ደግሞ ይተወው፤ ስሜ እንደሆነ ከታች ተጽፏል።