ምሰሶውና ማኅተሙ

…ምሰሶውን ከፊት አባባ፣ ከኋላ አንተ እንደተሸከማችሁት አስታውሳለሁ። ወይስ ከኋላ የነበረው አጎታችን ነው? ወይራ ነበር። ለቤታችን ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ደቦው ሁሉ ተጠርቶ ነበር። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ይጠብቃል። እናንተ ግን በጉድጓዱ አጠገብ አልፋችሁ ቁልቁል ወረዳችሁ።

ይቅር በለኝ አያ ታከለ፣ ሰላም ሳልልህ ወደ ነገሬ ገባሁ። ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ነው። ለመሆኑ እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትህስ፣ ብርዱ ሲገባ መልሶ ያዘህ ወይስ ተወህ? የእማማ ዓይን እንዴት ነው? ገብሱን ውርጩ አተረፈላችሁ? ስልኩ እንቢ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። እኛ አለን። ደህና ነን ልበልህ።

አዘዞ ቤት የሠራንበት ማኅበር አርባ ሁለት አባወራ ነው። ጽሕፈትህ ሸጋ ነው ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ፤ ማኅተሙም እኔ ዘንድ ነው። አሁን የከተማው ምክር ቤት በአዲስ ቤት ላይ ግብር ጥሎ በገንዘቡ የመማሪያ ክፍል ለመሥራት እየመከረ ነው። ሰኞ ይወሰናል ይላሉ። ማኅበሩ የተቃውሞ ደብዳቤ አዘጋጀ፤ አርባ አንዱ ፈረሙ። ማኅተም ያላረፈበትን ወረቀት ደግሞ የሚቀበል ቢሮ የለም። እኔ አልፈረምኩም። አላትምም።

ግብሩ እኔን አያመኝም ማለቴ አይደለም። ዓይናዲስ የሠርጓን ወርቅ ሸጣ ነው ጣሪያውን ቆርቆሮ ያለበስነው፤ ወለሉ ገና አፈር ነው። ግን ልጃችንን ማስተዋልን ብታያት። ሁለተኛ ክፍል ናት፣ በፈረቃ፣ ከሰማንያ ስምንት ልጅ ጋር። ጠዋት ስትወጣ ከግንባታው የተረፈ የሲሚንቶ ከረጢት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። መቀመጫዋ ነው። ቀሚሷ አመድ መስሎ ይመለሳል። ዓይናዲስ ታራግፈዋለች።

ባለፈው እሁድ በስብሰባው ላይ ሊቀመንበራችን አቶ ካሣዬ ቤት መሥራት ወንጀል ሆነ ወይ ብሎ ጠየቀ። ተጨበጨበለት። ገንዘቡ ክፍል ለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል ያሉም ነበሩ፤ ይህን እኔም እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። ተነስቼ የአገራችንን ነገር አወራሁ። አዲስ ጎጆ የሚያቆም ሁሉ ለትምህርት ቤቱ አንድ እንጨት ያዋጣ እንደነበር፣ ሌላው ቀጭን ማገር ሲመርጥ አባባ ወይራውን ሰጥቶ የእኛን ቤት በባሕር ዛፍ ምሰሶ እንዳቆመ። አቶ ካሣዬ «ቤታችሁስ ምን ሆነ?» አለኝ። ጎበጠ አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አልወደቀም ግን፣ እናቴ እስካሁን ትኖርበታለች ብል ማን ሰምቶኝ።  ቢስቁብኝም ብያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለኝ የለም። ማኅተሙን ዛሬ ካላስረከብኩ ከማኅበሩ ያስወጡኛል፤ የቤቱ ካርታ ገና በማኅበሩ ስም ነው። አርባ አንድ ሰው የፈረመበትን አላትምም የምለው እኔ ማን ነኝ? ጸሐፊ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ይህንን አንተ መልስልኝ። እስከዚያው ግን አልሰጥም። ዓይናዲስ ምን እንደምታስብ አላውቅም። 

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን ወርቅውሃን እንዴት ነሽ በልልኝ፤ ማሩ ደርሶናል። ልጅህ ባምላክ ትምህርቱን እንዳይተው፣ አጎትህ ብሏል በለው። ትንሿን ጽጌሬዳን ሁለቱንም ጉንጯን። በትምህርት ቤቱ በኩል ካለፍክ ወይራውን በእጅህ መታ መታ አድርግልኝ። ደብዳቤውን ኮሶዬ፣ ሸዋአየሁ ምግብ ቤት አስቀምጣለሁ፤ ወደ እናንተ የተዘጋው መንገድ ሲከፈት ሰው ላክ።

ወንድምህ ሙሉቀን
አዘዞ፣ ጎንደር
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳላሽገው የግቢው በር ተንኳኳ። የአቶ ካሣዬ ድምፅ ነው፤ ብቻውንም አይደለም። ዓይናዲስ «አንተ ተቀመጥ» ብላ ነጠላዋን ለበሰች። ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ የለም፤ ይዛው ወጥታለች፣ ልትሰጣቸው ይሁን ልትከለክላቸው አልነገረችኝም። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።