ከርነሉን በጆሯቸው ያረሙት መምህር ፍቅረ ሥላሴ አካለ ወልድ

መምህር ፍቅረ ሥላሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ አካለ ወልድ ገብረ ክርስቶስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀብትነሽ ሰማው በ1966 ዓ.ም. በቢቸና ከተማ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ትርሲት ነኝ።

ፊደል ከአባታችን ቆጠሩ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ደብረ ወርቅ ተልከው ቅኔ ጀመሩ፤ የሰሙትን ሳይጽፉ በልብ መያዝ የለመዱት እዚያ ነው። አባታችን የመሪጌትነት ወንበራቸውን እንዲወርሱላቸው ይመኙ ነበር። እርሳቸው ግን አስኳላን መረጡ። ቢቸና ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1990 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። አባታችን በምርቃቱ አልተገኙም።

በዚያው ዓመት ሞጣ ውስጥ በሚገኝ የሙያ ማሠልጠኛ መምህር ሆኑ። በ1994 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወይንእሸት ቀለሙ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን አርሴማን ወለዱ።

ወንድማችን ስለ ኮምፒውተር ሲያስተምሩ የሚጀምሩት ከማብሪያው ነበር። ማሽኑ ሲበራ ምንም እንደማያውቅ፣ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነቅታ ከርነል የሚባለውን ዋና ፕሮግራም እንደምታስነሣ፣ ከርነሉም ሚሞሪውን እንደ እርሻ መሬት ወሰን አበጅቶ ለየፕሮግራሙ እንደሚያካፍል፣ ድራይቨሮችም በእርሱና በኪቦርዱ ወይም በስክሪኑ መካከል እንደ አስተርጓሚ እንደሚቆሙ በአማርኛ ያስረዱ ነበር። ተማሪው በዓይኑ እንዲያየው ብለውም በራሳችን ፊደል የሚጽፍ ትንሽ ከርነል መሥራት ጀመሩ።

በ2000 ዓ.ም. የስኳር ሕመም ተገኘባቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ በ2005 ዓ.ም. ጨርሶ ጠፋ፤ ከማስተማርም ተሰናበቱ። ከርነሉ አላለቀም ነበር። ይነሣል፣ ስክሪኑም ላይ ይጽፋል፤ ኪቦርዱ ሲነካ ግን ማሽኑ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሣል። ያን ጊዜ ከቤት መውጣት አቆሙ፤ ጠያቂ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

ወይዘሮ ወይንእሸት የአማርኛ መምህርት ናቸው፤ ኮድ አያውቁም። ቢሆንም ከሥራ ሲመለሱ የተጻፈውን መስመር በመስመር፣ ምልክት ሳያስቀሩ ያነቡላቸው ጀመር። ወንድማችን የሰሙትን እንደ ቅኔ በልባቸው ያመላልሱታል። ወራት ፈጀ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸውን አስቁመው ቀድሞ የተነበበውን እንዲደግሙላቸው ጠየቁ። ለኪቦርዱ ድራይቨር የተሰጠውን የሚሞሪ ቦታ ሳያውቁ ለፊደላቱ ቅርጽም ሰጥተውት ኖሯል፤ አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል። ወሰኑን ለይተው አስጻፉ፤ ማሽኑ ተነሣ። ወይዘሮ ወይንእሸት «ሀ»ን ነክተው ፊደሏ መውጣቷን ነገሯቸው።

እርሳቸውም፣ «ቅርጿ ያምራል?» አሉ።

እኔም እዚያው ነበርኩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ወሬው ቢቸና ሲደርስ አባታችን ሞጣ ድረስ መጡ። በወንድማችን አጠገብ ተቀምጠው ሥራው እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው አስነገሯቸው። ሰምተው ሲጨርሱም፣ «ልጄ፣ ለካ አንተም ወንበር ነበረህ» አሏቸው።

ከርነሉ ከቤታቸው ወጥቶ ለማንም አላገለገለም፤ ተማሪዎቻቸውም በየሥራቸው ተበትነዋል። ሕመሙ ወደ ኩላሊታቸው ዘልቆ ባሕር ዳር እየተመላለሱ ቢታከሙም አልሆነም። መጋቢት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ እህታቸውና አባታቸው በሐዘን ቀርተዋል። የአባቶቻችን አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያድርስልን። ልጃቸውን ለመቅበር ከቢቸና ለመጡት አረጋዊ አባታችንም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።