የእማዬ ድምፅ መስታወት ፊት

ይድረስ ለማከብርሽና ለምትናፍቂኝ እትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጅሽስ፣ አሁንም በሯን ዘግታ ነው የምትውለው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እሠራለሁ ማለቴ ነው። እንቅልፌን ግን አትጠይቂኝ።

እማዬ ካረፈች ዓመት ቢያልፋትም እዚህ ስፌት ቤት ከእኔ ጋር ትውላለች። አትደንግጪ፣ አላበድኩም። መቀስ ባነሳሁ ቁጥር ድምፅዋ ይመጣል። አጭር ሰው አግድም መስመር አይለብስም። ወፍራም ሰው ደማቅ አይነካም። ጠይም ሴት ቀይ ለብሳ አትወጣም። አንቺም እኔም ከስፌት መኪናዋ ሥር እየተጫወትን የሰማነው ነው። ማን እንደደነገገው ግን ጠይቀን አናውቅም።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ደንበኛ መጣች። አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት፤ አጭር፣ ድንቡሽቡሽ ያለች፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ። ወፋፍራም መስመር ያለው ቢጫ ጨርቅ ይዛ፣ መስመሩ አግድም ይሁንልኝ አለች። እሺ አልኳት። ስቆርጥ ግን እጄ ጨርቁን አዞረው። እኔ አላዞርኩትም፣ እትዬ። መስመሩ ቁልቁል ወረደ።

ልትሞክረው ስትመጣ ለብሳው መስታወቱ ፊት ቆመች። ሳቋ ጠፋ። ረዝሜያለሁ፣ ቀጥኛለሁም፣ እኔን ግን የት አደረግሽኝ? አለችኝ። ከኋላዋ ቆሜ ነበር። መስታወቱ ውስጥ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምታያት ሴት እማዬ ነበረች። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። እኔው ነኝ።

ሌላ ጨርቅ ፈልጌ እንዳለችው አድርጌ ሰፋሁላት። ልብስ ተኳሻችን አላስችለው ብሎ፣ እመቤት፣ በርሜል መስለሻል አላት። በርሜልም ብሆን ሙሉ በርሜል ነኝ፣ አንተ ባዶ ጣሳ! ብላው እየተሽከረከረች ወጣች። አጭር ናት። ወፍራም ናት። ራሷን ትመስላለች።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። ልጅሽ ደውላልኝ ነበር። ለወንድማችን ሠርግ ቀይ ልልበስ ብትልሽ፣ በዚህ መልክሽ? አልሻት። ሠርጉም ይቅርብኝ ትላለች። የክፍሏን መስታወት በፎጣ ሸፍናዋለች። ቃሉ የእማዬ ነው፣ እትዬ። ለእኔም በዚሁ ቃል ነው የተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ አመድ ከሚመስል ቀለም ወጥቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ትሕትና ይለዋል። ፍርሃት ነው።

ቀይ ጨርቅ ቆርጬ ልኬልሻለሁ። ጎንና ጎኑን ሆን ብዬ አልሰፋሁትም። አንቺው ለኪያት፣ አንቺው ስፊላት። ካንቺ እጅ ካልመጣ አታምነውም። ስትለኪያት ድምፁ ቢመጣብሽ አትጣዪው። እማዬ፣ ሰምተንሻል፣ አሁን አረፍ በይ በያት። እኔ ሞክሬዋለሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ትላለች።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ትንሹን ወንድ ልጅሽን ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ። ሙሽራውን እንኳን ለዚህ አበቃህ በይልኝ፤ ክራባቱ ካነቀው ይተወው፣ ያለ ክራባትም ይዳራል። ልጅሽን ግን በእኔ ስም ሰላም አትበያት። በራስሽ አፍ፣ አምሮብሻል በያት። እኔ ብላት፣ አክስት መቼም ታሞግሳለች ብላ ታልፈዋለች። ከእናት የሰሙት ግን ከሰው ጋር አብሮ እንደሚያረጅ እኔና አንቺ እናውቃለን።

ታናሽ እህትሽ
ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ሰኔ 11 ቀን