ዝም ብል አኮረፈች አሉኝ

እሑድ

ለማንም እንዳትነግሩብኝ እንጂ ዛሬ አፍሬአለሁ። ማፈሬንም ከእኔ በቀር ያወቀ የለም። ስብሰባው መሐል ሳል ያዘኝና ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። በር ላይ የቀበሌው ዘበኛ ስለ ልጁ ሠርግ ጀመረልኝ፤ እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ የሠርግ ወሬ ትቼ አልሄድም። ስመለስ ሴቶቹ በሙሉ እንደተውኳቸው ተቀምጠዋል። ሸዋዬ ቆማ እየተናገረች ሳለ ነበር የወጣሁት፤ አሁንም እንደቆመች ናት። «እስክትመጪ ብዬ ነው» አለችኝ።

ይሄ ምኑ ያሳፍራል ትሉ ይሆናል። ደስ አለኝ፤ ያሳፈረኝ እሱ ነው። ያለ እኔ ቃል አይወጣቸውም ብዬ ልቤ ሞቅ አለ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ግን ያለ እኔ እንዲናገሩ ላስለምዳቸው ነው።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። ልደታ ማርያም ጀርባ፣ ቀበሌው በሰጣቸው አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ሴቶች አሉ። እኔ ከመሥሪያ ቤት ተልኬ እሑድ እሑድ ስብሰባቸውን እመራለሁ፤ እስኪለምዱ ተብሎ። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እነሱ መስማትን ለመዱ፣ እኔ መናገርን።

የዛሬው ጉዳይ ከባድ ነው። ቀበሌው ክፍሏን ለሱቁ የስኳርና የጨው መጋዘን ሊያደርጋት አስቧል፤ ሊቀመንበሩ ቅዳሜ መጥቶ ያነጋግራቸዋል። ክፍሏ ከሄደች የስፌት መኪኖቹ የት ይገባሉ? የሁሉም ቤት ጠባብ ነው። ማኅበሩ ተበተነ ማለት ነው።

«ምን ይሻላል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም እኔን አዩኝ።

ሰኞ

አለቃዬ ጠርቶ፣ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጉለሌ ነሽ። የልደታዎቹን አስረክቢ» አለኝ። ለማን ላስረክብ ስለው፣ «ለራሳቸው ነዋ» ብሎ ሳቀ።

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ቤቴ በእግሬ መጣሁ። አውቶቡስ ጠፍቶ አይደለም፤ ቤት ለመድረስ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ እቤት የሚያናግረኝ ሬዲዮው ብቻ ነው፤ እሱም መልስ አይቀበልም። ሳምንቱን የምገፋው እሑድን እያየሁ ነበር። የሸዋዬ ተረብ፣ የእማማ ዘነበች ምርቃት፣ ከድጃ ክር በጥርሷ እየበጠሰች የምትጥላት አንዲት ቃል። ገና ሳልሄድ ናፈቁኝ።

ማታ ወሰንኩ። ከፊት አልቀመጥም። ሲያዩኝ መሬት መሬት አያለሁ። ምላሴን እነክሳለሁ። ምላስ መንከሱ እንዴት እንደሚሆንልኝ እንጃ።

ረቡዕ

ለቅዳሜው እንዲዘጋጁ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ማለቴ፣ እኔ ጠራሁ። የመክፈቻው መፈክር እንዳበቃ ወንበሬን አንስቼ በሩ ጥግ ሄድኩና፣ «ዛሬ እኔ አልናገርም፤ እናንተ ተነጋገሩ» አልኩ። ለምን እንደሆነ አላስረዳሁም። ጉለሌን ካነሳሁ እንባዬ ይቀድመኛል ብዬ ፈራሁ።

ወንበሮቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

የሁሉም ታላቅ እማማ ዘነበች ናቸው። «ሙሉ፣ ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ። አላመመኝም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ታዲያ ምን አድርገንሽ ነው?» አለች ሸዋዬ።

መሬት መሬት አየሁ።

«ተያት፣ የሆነ ቅሬታ ገብቷታል» አለቻት ከድጃ በሹክሹክታ። ክፍሉ ጸጥ ስላለ ሁላችንም ሰማን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባልጽፈው ይሻላል። የአንዷ መቀስ ሲወድቅ ሦስት ሰው ሊያነሳው ተሻማ፤ የሚሠራ ነገር በመገኘቱ። ስለ ክፍሏ አንድ ቃል ሳይነሳ ተበተንን። እኔ ደግሞ የምለው ሁሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። አሁንም አልወረደልኝም።

ሐሙስ

የስኳር ሰልፍ። ከኋላዬ የቆመች የማላውቃት ሴት ጠጋ ብላ፣ «ሰምተሻል? ያቺ የሰፊዎቹ ሰብሳቢ አኩርፋለች አሉ» አለችኝ። ለእኔው።

«በምን ይሆን?» አልኳት።

«ጉንፋን ይዟት ስትተኛ አንዳቸው ብቅ ብለው አልጠየቋትም። ደግሞ ለሊቀመንበሩ ሚስት ቀሚስ ሲሰፉ እሷን ረሷት።»

የባለፈው ወር ጉንፋኔ እውነት ነው። የቀሚሱን ነገር ግን ገና አሁን መስማቴ ነው። እውነት ሰፍተውላታል እንዴ?

«ምስኪን» አልኩ፣ ስለ ራሴ።

«ምን ምስኪን፣ ኩራተኛ ናት አሉ።»

ዝም ማለቴ እንዲህ ይተረጎማል ብዬ መቼ አሰብኩ። እዚህ አገር ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ዓርብ

ማምሻውን በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ሽማግሌ ቆሟል። ሽማግሌ ስላችሁ፣ እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት፣ ከድጃ ንጹሕ ሻሿን አስራ ከጎን፣ ሸዋዬ አንገቷን ደፍታ ከኋላ። ሸዋዬ አንገቷን ስትደፋ አይቼ አላውቅም።

ግቡ ብል ገቡ፤ ተቀመጡ ብል እምቢ አሉ።

«የመጣንበትን ሳትሰሚ አንቀመጥም» አሉ እማማ። «አጥፍተናል። ታመሽ አልጠየቅንሽም። ካሳው ይኸው።»

ከድጃ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አወጣች። ከየቤቱ ራሽን ላይ ተቆንጥሮ የተዋጣ ስኳር።

«የቀሚሱንም ልክሽን ስጪንና እንሰፋልሻለን» አለች ሸዋዬ። «ብቻ ወገብሽ ሰፋ ብሏል፣ ጨርቁን አንቺ ትችያለሽ።»

«ሸዋዬ» አሏት እማማ። «ለዕርቅ ነው የመጣነው።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። ለመሆኑ ማን ላካችሁ ብል፣ «ማኅበሩ ነዋ» አለች ከድጃ። «ትናንት ተሰብስበን። አንቺ ስላኮረፍሽ አልጠራንሽም።»

ሁሉን አውጣጣኋቸው። ማን ይሂድ በሚለው ተከራክረዋል። ሸዋዬ አፏ ክፉ ነው ተብላ ልትቀር ስትል ከድጃ፣ «ያስቀየመቻት እሷ ከሆነችስ?» አለች፤ እጅ አወጡ፤ ሸዋዬ አለፈች። ስኳሩን ሲያዋጡ ከመሐላቸው ነፍሰ ጡር የሆነችው እንዳትሰጥ ተስማሙ። ማን ቀድሞ እንደሚናገር እንኳ ወስነው ነው የመጡት። ሁለት ዓመት ላስለምዳቸው የደከምኩበትን ስብሰባ፣ እኔን ለማስታረቅ ሲሉ ያለ እኔ አደረጉት።

ያኔ ነገርኳቸው። እንዳላኮረፍኩ፣ ጉለሌ እንደምሄድ፣ ዝም ያልኩትም ለዚሁ እንደሆነ።

«ታዲያ እንዲህ አትይም ነበር?» አለች ከድጃ።

እማማ አሁን ተቀመጡ። «እና ነገ ለሊቀመንበሩ ማን ይናገርልን?» አሉ።

ምላሴ ተነሳ። ነከስኩት። ሸዋዬ እማማን አየች፣ እማማ ከድጃን አዩ።

«እኛው ብንናገርስ?» አለች ከድጃ። «እንዲሁ በሽምግልና።»

«ምን ችግር አለው፣ ከዚች የባሰ አይኮራብንም» አለች ሸዋዬ።

ቅዳሜ

አልሄድም ብዬ ነበር። ሄድኩ። መጀመሪያ ልደታ ማርያም አጥር ሥር ከጧፍ ሻጮቹ ጋር ወሬ ይዤ ቆየሁ። ከዚያ አላስቻለኝም፤ ገርበብ ካለው በር ላይ ቆምኩ።

ሌላ ጊዜ ስገባ ሁሉም «ኖር» ብለው ይነሱልኝ ነበር። ዛሬ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ ማንም አላየኝም።

«ጓድ ልጄ» ይሉታል እማማ ሊቀመንበሩን፣ «መጋዘን አያስፈልግህም አላልንህም።»

«እኛም ግን አንወጣም» አለች ሸዋዬ።

ከዚያ ሰውየውን ትተው እርስ በርሳቸው ገጠሙ። አንዷ ግማሹን እንስጥ ትላለች። ሌላዋ ስኳር ባለበት አይጥ አለ፣ ዩኒፎርሙን ይበላብናል ትላለች። ከድጃ ጆንያው ከመሬት ከፍ ብሎ ይደርደር፣ የተቀደደውን ጆንያም እኛ እንሰፋለን አለች። ሊቀመንበሩም፣ «ጨው ከጨርቁ ይራቅ፣ ያረጥባል» ብሎ ራሱ ክርክሩ ውስጥ ገባ።

ግማሹ ክፍል እስከ ክረምት የእነሱ ነው። ከዚያ በኋላ እንደገና ይነጋገራሉ። እኔ ብሆን ሙሉውን ክፍል እጠይቅና ሁሉንም አጣ ነበር። ወይም አገኝ ነበር፤ ማን ያውቃል።

ሳልገባ ተመለስኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ እንዲህ ከፍቶኝ አያውቅም።

እሑድ

እግሬ በልማዱ ወሰደኝ። ክፍሏ ተከፍታለች፤ ሴቶቹ ግን የሉም። ወዛደሮች ጆንያ ይደረድራሉ። በወዲያኛው ግማሽ የስፌት መኪኖቹ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል።

ስወጣ ሸዋዬን አገኘኋት፤ ጋዝ ልትገዛ ጀሪካን ይዛለች።

«እንዴ፣ አልሰማሽም? እሑድ ጆንያ ስለሚገባ ስብሰባውን ወደ ማክሰኞ አዛወርነው።»

«እኔን አትጠሩኝም?» አመለጠኝ።

«ተነጋገርንበት። ከድጃ በእንግድነት ትምጣ አለች። እኔ እዚሁ ልደታ ሠፈር እስካለች ድረስ አባል ትሁን አልኩ። እማማ ደግሞ አባል የሚሰፋ ነው፣ ይቺ ቁልፍ መትከል አትችልም አሉ።»

«እና?»

«መሸብን። ማክሰኞ እንጨርሰዋለን። አንቺ እንዳትመጪ ታዲያ። ስላንቺ ስለሆነ በነፃነት እንነጋገር።»

ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ይውጣ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

ቤት ገብቼ የእናቴን መርፌና ክር ፈልጌ አወጣሁ። ከሹራቤ ላይ የወለቀ ቁልፍ ነበር፤ ተከልኩት። ጠመም ብሏል፣ ግን ጎትቼ አይቼዋለሁ፤ አይወልቅም። ይሄን ለሸዋዬ ብነግራት በስብሰባው ታነሳልኝ ይሆን? ወይስ ድምፅ መለመን ይባላል?

ማክሰኞ ማታ ሬዲዮውን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። ረቡዕ ጠዋት ሸዋዬ በበሬ በኩል አልፋ ልትነግረኝ ተስማምታለች። እንግዳም ይበሉኝ አባል፣ እሷ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚሁ አሰፍረዋለሁ።