ተያዥ አለሽ?

ጥቅምት 8 ቀን 2004
የጅግጅጋ ነፋስ ዛሬም አቧራ ሲያለብሰን ዋለ። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ምንጣፍ ሸጥኩ። ከሰዓት ግብር ቤት ተጠራሁ። «ሮማነወርቅ፣ ደረጃሽ ከ‹ሐ› ወደ ‹ለ› ከፍ ብሏል። ከእንግዲህ መዝገብ ትይዣለሽ» አለኝ ሰውየው፣ የምሥራች የነገረኝ መስሎት። ደረጃ ይንሣውና! በአራተኛ ክፍል ትምህርቴ የምን መዝገብ? ገብረክርስቶስ ቢኖር ይሠራው ነበር… ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ፣ ዛሬም ወረቀት ሲመጣ ወደ ወንበሩ ዞር እላለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠሬ ነው።

ጥቅምት 13
ሦስት ሰው መጣ። አንዱ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ እንደወጠረ። ሁለተኛው የጠየቀኝ ደመወዝ… ሱቁን ልስጠው እንዴ? ሦስተኛዋ ኢክራን፣ የሐርተሼክ ልጅ፣ ዲፕሎማ አላት። ደብተሬን ሰጥቻት ሻይ አዝዤ ስመለስ «ኤዶ፣ ይቺን ምንጣፍ ሁለት ጊዜ ጽፈሻታል» አለችኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ ማለት ነው። ወደድኳት።
«ተያዥ አለሽ?»
«አጎቴ አለ።»

ጥቅምት 15
አጎቷ ሮብሌ ከሐርተሼክ በሚኒባስ መጡ። ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ። «ተያዥ እኔ ነኝ። አንድ ብር ብትጎድል፣ እኔ። እኔ ብሞት፣ ጎሳዬ» አሉ።
«የደመወዝ ደብዳቤ አለዎት?»
«ደመወዝ የለኝም። ግመል አለኝ።»
«ግመል ማኅተም አይመታም» አልኳቸው። ጎረቤቴ ካውሰር ከሱቋ በር ሰምታኛለች። አልሳቀችም። ሽማግሌውም ሳይሰናበቱኝ ወጡ።
ምን ላድርግ? ሰውን ማመን ቀብሮ ነው። እኔ የማውቀው ተያዥ ደመወዝ ያለው፣ ወረቀት ላይ የሚፈርም ነው። አፌ ግን… ምን አስቸኮለኝ?

ጥቅምት 17
ይሁን መጣ፣ የገብረክርስቶስ እህት ልጅ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ነገሩን ሳጫውተው «እኔ እፈርምላታለሁ፣ እትዬ። ምን ቸገረኝ» አለ። አንድ ጊዜ በሩ ላይ አይቷት እንደሆን ነው እንጂ አያውቃትም እኮ! ለእኔ ብሎ ነው። መረቅኩት። ኢክራን ሰኞ ትጀምራለች።

ኅዳር 6
ወርቅ ልጅ ናት። መዝገቡን ሳየው አንባቢ የሆንኩ ይመስለኛል።

ኅዳር 21
ይሁን በየቀኑ ብቅ ይላል። «ተያዥ አይደለሁ? ልጠብቃት እንጂ» ይላል እየሳቀ። እሷ አትስቅም። ሲገባ ወንበሯን ወደ በሩ ትስባለች። ወንድ ፊት ማፈር የአገራቸው ወግ ይሆናል…

ታኅሣሥ 5
«ኤዶ፣ ተያዥ መቀየር ይቻላል?»
«ደብዳቤ ያለው ሰው ካመጣሽ።»
«ተይው» አለች። ደንበኛ ገባ። ለምን ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ታኅሣሥ 9
ኢክራን አልመጣችም። የመጣው ይሁን ነው፣ ጉንጩ ተቧጥጦ። «ፊርማዬን አንሥቻለሁ። ሌባ ናት» ብሎኝ ሄደ። መዝገቡን አገላበጥኩ። ሳጥኑን ቆጠርኩ። ሳንቲም አልጎደለም።
ካውሰር ጋ ሮጥኩ። ኢክራን ሁሉንም ነግራታለች። «ቤቴ ካልመጣሽ ፊርማዬን አነሣለሁ፣ እንጀራሽን ታጫለሽ» ይላት ነበር ይሁን፣ ከወር በላይ። ቅዳሜ «ደብዳቤው መታደስ አለበት፣ ነይ ፈርሚ» ብሎ ወደ ቤቱ ጠራት። ገባች። በሩን ቆለፈ። ጮኻ፣ ቧጥጣው አመለጠች።
«ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?»
«ለአንቺ? ተያዡን ያመጣሽው አንቺ፣ ዘመዱ አንቺ!» አለችኝ ካውሰር።
አፈር ልብላ! ነግራኝ ነበር እኮ። ተያዥ ልቀይር ያለችኝ ምን ልትለኝ ነበር? ተያዡ እሱ፣ የተያዘችው እሷ… ወረቀቱን ያስፈረምኩት ደግሞ እኔ።

ታኅሣሥ 12
ትናንት ይሁን ሲመጣ «ሁለተኛ ይህን በር እንዳትረግጥ» አልኩት። «ለእሷ ብለሽ?» አለኝ። አዎ፣ ለእሷ ብዬ። ለራሴም።
ዛሬ ሐርተሼክ ሄድኩ። ሮብሌ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ። የኢክራን እናት ፊቷን አዞረችብኝ። ኢክራን መሬት መሬት ታያለች፣ በአምስት ቀን ከስታለች።
«ፖሊስ ጋ ብትሄዱ እመሰክራለሁ። አንቺም ተመለሺ፣ ከእንግዲህ ተያዥ አልፈልግም» አልኳት።
የመለሱልኝ ሮብሌ ናቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
«አንቺ አትፈልጊም። አሁን የምንፈልገው እኛ ነን» አሉ። «ልጃችን በሰላም ወጥታ በሰላም እንድትገባ፣ የአንቺ ተያዥ ማነው? ስሙን ንገሪኝ።»
ገብረክርስቶስ አፈር ውስጥ ነው። ዘመዴ የምለው ይሁን ነበር። ካውሰርን ልል አሰብኩ፤ ምን አይታብኝ ተያዥ ትሆነኛለች? ሃያ ዓመት ጅግጅጋ ኖሬ…
«አስቢበት» አሉኝና እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ።